ስሜን ከገጽዎ ያጥፉልኝ

ቴዎድሮስ አደባባይ፣ አዲስ አበባ
ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለዘርዓብሩክ ፈቀደ፣ ድሬዳዋ

እንደምን ከርመሃል? ሙቀቱስ እንዴት ይዞሃል? እኔ ከጆሮዬና ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ደብዳቤህ ደርሶኛል። "ለምን አይደውሉም፣ ለምን በቴሌግራም አይጽፉም" ብለህ ጠይቀሃል። ስልክ ላይ ጆሮዬ እምቢ ካለ ቆየ፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት የመቅረጫ ማሽን አጠገቡ ሲጮህ ምን ያድርግ? ቴሌግራሙ ላይ ደግሞ ሦስት ቃል ጽፈህ አንድ ቢጫ ፊት ትልክልኛለህ። ፊቱ ይሳቅልኝ ይሳቅብኝ አላውቅም። ስለዚህ በወረቀት ጻፍልኝ። ደግሞ "እርስዎ" ብለኸኛል። ሲከፋህ ነው እርስዎ የምትለኝ፣ ከልጅነትህ ጀምሮ አውቅሃለሁ። ይሁን።

ሱቁ እንዴት ነው ላልከው፣ ሱቁማ አለ። ሰው ነው የጠፋው። ፒያሳ ያለው መደዳችን ፈርሶ ከተበተንን ዓመት ሊሞላን ነው። አባትህና እኔ በ1979 የከፈትነው ማህተምና ቲተር ቤት አሁን እዚህ አንድ ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወጥቶ ተቀምጧል። አሳንሰሩ አይሠራም። ድሮ ሰው መንገድ ሲያቋርጥ አይቶን "ኧረ ማህተም ጎድሎኝ ነበር" ብሎ ይገባ ነበር። አሁን የድሮው ቦታ ሄዶ "ማህተም ቤቱ የት ሄደ?" ብሎ ሲጠይቅ "ፈርሷል" ይሉታል። ፈርሷል! እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ!

ውሌ ሰኔ 30 ያልቃል። አከራዩ "ታድሺ እንደሆን አታድሺ እንደሆን ቀድመሽ ንገሪኝ" ብሎኛል። እስከዚያ ሰው ካላገኘኝ እዘጋለሁ። አባትህ በመጨረሻዋ ሳምንት "ሙሉ፣ ቤቱን እንዳትዘጊው" ብሎኝ ነበር፤ አንተም አልጋው አጠገብ ቆመህ ሰምተሃል። ስለዚህ ተቀይመኸኝም ቢሆን እርዳኝ። ድረ ገጹን ሠርተህ ስትሄድ "ይበቃዎታል" ብለኸኝ ነበር። አልበቃኝም። አሁን ደግሞ "ሊንክ ያስፈልግዎታል" ትላለህ። ሊንክ ምንድነው? እንደ ሰው አስረዳኝ።

አክስትህ ሙሉእመቤት


ድሬዳዋ
ጥር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ሙሉእመቤት

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። እኔ ደህና ነኝ። የአንድ ሆቴል ድረ ገጽ እጠብቃለሁ፤ ሥራው አይከብድም።

ኢንተርኔት መፈለጊያው ላይ "ማህተም ፒያሳ" ብዬ ጽፌ አየሁ። እርስዎ አራተኛው ገጽ ላይ ነው የሚወጡት። እስከ አራተኛ ገጽ የሚገልጥ ሰው የለም፤ እኔም ለእርስዎ ስል ነው የገለጥኩት። ሊንክ ማለት ሌላ ሰው በራሱ ድረ ገጽ ላይ ስምዎን ሲጽፍ፣ ያንን ስም የነካ ሁሉ ቀጥታ ወደ እርስዎ ገጽ ሲመጣ ነው። መንገድ ላይ አንዱ "ማህተም የት ይሠራል?" ሲል ሌላው "እትዬ ሙሉ ጋ ሂድ" እንደሚለው ማለት ነው። መፈለጊያው ማሽን ይህንን ይቆጥራል። ማን እንደተናገረም ያያል። ሥራውን የሚያውቅ አንድ ሰው ቢመሰክርልዎት፣ ምንም የማያውቁ መቶ ሰዎች ከሚጮሁልዎት ይበልጣል።

ስድስት ኪሎ ያሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች የተማሪ ማህበራትን ወደ እርስዎ ይልኩ የለ? ድረ ገጽ ያላቸውን ይጠይቋቸው። ከዚያ በላይ ግን ሰው የሚፈልገውን ነገር ጽፈው ገጽዎ ላይ ያኑሩ። ሐሰተኛ ማህተም እንዴት እንደሚለይ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ አለ? እሱን ይጻፉ፤ ጠበቃውም የቢሮ ሰውም ሳይለመን ይጠቁምልዎታል። ሊንክ እንሸጣለን የሚሉ አሉ፣ እንዳይጠጓቸው። ወራት ይፈጃል። ከዚህ የፈጠነ መንገድ አላውቅም፣ አዝናለሁ።

ከደብዳቤው ጀርባ በእርሳስ የጻፉትን አይቼዋለሁ። "ያንን ግዢ ያልከኝን የሌዘር መቅረጫ ማሽን ገዝቼ ቢሆን ኖሮ እዚህ እንደርስ ነበር ወይ?" ብለዋል። አልመልስም። ያኔ መልሼ ነበር።

ዘርዓብሩክ


ቴዎድሮስ አደባባይ
የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለዘርዓብሩክ

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምህ፤ መጾምህን እንጃ እንጂ።

ያልከውን ሁሉ አድርጌያለሁ። ስድስት ኪሎ ሄጃለሁ፣ በዚህ ጉልበቴ! ሁለቱ ፎቶ ኮፒ ቤቶች ድረ ገጽ የላቸውም፤ ሦስተኛው አለው፣ ግን "ምን አገኝበታለሁ?" አለኝ። ስለ ሐሰተኛ ማህተምም ጻፍኩ። ክቡ ጠርዝ እንዴት እንደሚወላገድ፣ ቀለሙ ወረቀቱ ላይ እንዴት እንደሚቆም፣ ሦስት ገጽ ሙሉ። ኮምፒዩተር ላይ ያስገባችልኝ ሜላት ናት፤ ከታች ካፌው ውስጥ ማኪያቶ የምትሠራ ልጅ ናት፣ እንግሊዝኛውንም እሷ ናት የምታነብልኝ። ሉዋም የምትባል ጠበቃ ጽሑፉን አይታ በገጿ ላይ ጠቆመችልኝ። እግዜር ይስጣት። ግን አንድ! በወር ውስጥ አንድ ሊንክ! በዚህ አያያዝ ሰኔ ሳይሆን ስምንተኛው ሺህ ነው የምንደርሰው።

እናም አንድ ነገር መጣልኝ። ሱቁ ፈረሰ እንጂ የመደዳው እድር አልፈረሰም። አሁንም በየወሩ እንሰበሰባለን። ዳኛው ሽኩር ነው፣ ሻንጣ ሻጩ፤ ጸሐፊዋ እኔ ነኝ። ከአስራ ዘጠኛችን አስራ ሦስታችን ድረ ገጽ አለን። ታዲያ ባዕድ ምን አስለመነን? እያንዳንዳችን የአስራ ሦስታችንንም ስም ከገጻችን ግርጌ ብናስቀምጥስ? ሻንጣ ሊገዛ የመጣ እኔን ያያል፣ ማህተም ሊያስቀርጽ የመጣ ሽኩርን ያያል። ለእያንዳንዳችን በአንድ ቀን አስራ ሁለት ምስክር! እድር ማለት ይኸው አይደል? ዛሬ ለእኔ ትቆማለህ፣ ነገ ለአንተ እቆማለሁ።

ኡመርን ታስታውሰዋለህ፣ ፒያሳ ግድግዳ እንጋራው የነበረውን መነጽር ሻጩን። ልጅ ሆነህ መስታወቱን ሰብረህበት ከረሜላ ሰጥቶ የሸኘህን። እሱን ሳማክረው "ሙሉ፣ ስብሰባ ምን ያደርጋል? የአንቺን አሁኑኑ ላስጽፍ" ብሎ ገጹን የሠራለትን ተማሪ ፍለጋ ስድስት ኪሎ ድረስ ሄደ። በማግስቱ ስሜ ተጻፈ።

ስብሰባው መጋቢት 7 ነው። ጥፋት ካለው ከዚያ በፊት ንገረኝ። "አይሆንም" የምትል አንዲት ቃል ትበቃኛለች። ካልመለስክልኝ ይሁን ብለሃል ብዬ እወስደዋለሁ።

አክስትህ ሙሉእመቤት


ቴዎድሮስ አደባባይ
ሚያዝያ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጠፋው ልጅ

አንተ፣ በሕይወት አለህ? ፖስታ ቤቱን ስረግም ከረምኩ። መጋቢት 7 መጣ፣ አለፈ፣ ያንተ ደብዳቤ የለም። ታመህ ከሆነ ንገረኝ፤ ኩርፊያ ከሆነም ንገረኝና ልወቀው።

እኔ ግን ሥራዬን ሠርቻለሁ። ሁሉም እጁን አወጣ። በሳምንቱ አስራ ሦስታችንም ተጻጽፈን ጨረስን። ሽኩር "ማሽኑንም እድር አስገባነው፣ አሁን መዋጮውን ማን ይቀበለው?" ብሎ ገደለን በሳቅ።

ትናንት ሜላት ደረጃውን እየሮጠች ወጥታ "እትዬ፣ ሁለተኛ ወጥተዋል!" አለችኝ። ሁለተኛ! ከአራተኛው ገጽ ተነስቼ! በዚህ ሳምንት አስራ አንድ ሰው ሦስት ፎቅ ወጥቶ መጥቷል። አንዱማ እያለከለከ "እናንተን ለማግኘት ጤነኛ ልብ ያስፈልጋል" አለኝ። የሽኩርም ስልክ ይጮሃል፤ የኡመርም ይጮሃል። ወራት ይፈጃል ያልከኝ ነገር በአራት ሳምንት ተፈጸመ። ውቤ በረሃ ያደገች ሴት ቀስ ብላ አትሠራም፤ ይህን ለሆቴልህ ንገራቸው።

አከራዩን ደረጃ ላይ አግኝቼው "አድሳለሁ" ልለው ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ፋሲካን ልጠብቅ ብዬ ተውኩት። አንተም ለበዓሉ ብቅ በል፤ ዶሮውን ብቻዬን አልበላውም።

አክስትህ ሙሉእመቤት


ቴዎድሮስ አደባባይ
ግንቦት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዘርዓብሩክ፣

ሰላምታ የለኝም። ጠፍተናል።

ከሰኞ ጀምሮ "ማህተም ፒያሳ" ተብሎ ሲጻፍ እኔ የለሁም። ሁለተኛም አይደለሁም፣ አራተኛው ገጽም ላይ አይደለሁም፣ የትም የለሁም። ሜላት የሱቁን ሙሉ ስም ጽፋ እንኳ አልወጣሁም። ሽኩርም የለም። ኡመርም የለም። አስራ ሦስታችንም የለንም። የእንግሊዝኛ ማስጠንቀቂያ ደርሶናል፤ ሜላት አንብባ "ደረጃን ለማሳሳት በስምምነት የተደረገ ነው ይላል" አለችኝ። ማሳሳት! እኔ ማንን አሳሳትኩ? ጎረቤቴን ጎረቤቴ ነው ብዬ ጻፍኩ እንጂ!

ትናንት ስብሰባ ነበር። ማንም አልሰደበኝም፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። በእኔ ምክር ገብተው የነበራቸውንም አጡ። ሽኩር በለሰለሰ ድምፅ "ሙሉ፣ ያ የወንድምሽ ልጅ ይሁን ብሎሽ ነበር አይደል?" አለኝ። "ብሎኛል" አልኩት። ዋሸሁ። አንተ ምንም አላልክም። አሁን ግን በል። ለምን ጠፋን?

ሙሉእመቤት


ድሬዳዋ
ግንቦት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

እቴቴ፣

ፖስታ ቤቱን አትርገሚ። የካቲት 20 የጻፍሽው ደብዳቤ የካቲት 26 እጄ ገብቷል። ስብሰባው አስራ አንድ ቀን ይቀረው ነበር።

እንዳነበብኩት ነው ያወቅኩት። ማሽኑ መጠቃቀምን አይወድም። እኔ ያንቺን ጽፌ አንቺ የእኔን ከጻፍሽ፣ ይሄ ውል ነው እንጂ ምስክርነት አይደለም ይላል። አስራ ሦስት ሰው በአንድ ሳምንት ያንኑ ዝርዝር ከገጹ ግርጌ ሲለጥፍ ደግሞ ተማክረው እያታለሉኝ ነው ብሎ ሁሉንም ያስወጣል። እድር ምን እንደሆነ አያውቅም። "አይሆንም" ብዬ ጽፌልሽ ነበር። ፖስታው ውስጥ ከትቼ፣ አድራሻሽን ጽፌ፣ ቴምብር ለጥፌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። አልላክሁትም። በማግስቱም አልላክሁትም።

አባቴ ከሞተ በኋላ የምልሽን አንድ ቀን አልሰማሽኝም። ስለ ሌዘር ማሽኑ ስነግርሽ ደንበኛ ፊት "አንተ ደግሞ ማን ሆነህ ነው?" ያልሽኝ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። አንድ ጊዜ እንኳ ሳልነግራት ትውደቅና ትየው አልኩ። አንቺ ብቻ የምትወድቂ መስሎኝ ነበር፤ ስለ ሌሎቹ አላሰብኩም። እግዜር ያሳይሽ፣ ስለ ኡመር እንኳ አላሰብኩም።

መውጫ አለው። ዝርዝሩ ከአስራ ሦስቱም ገጽ መጥፋት አለበት። ሁሉም የሁሉንም ስም ያጠፋል። ከዚያ እያንዳንዱ ጥፋቱን ያመነ ደብዳቤ ለመፈለጊያው ሰዎች ይልካል፤ ምን እንዳደረግን፣ ዳግም ከነዚህ ሱቆች ጋር በገጽ ላይ ስም እንደማንለዋወጥ ቃል የሚገባ። አስራ ሦስቱንም ደብዳቤ እኔ እጽፋለሁ። አንድ ገጽ ላይ እንኳ ዝርዝሩ ከቀረ ግን አይቀበሉንም።

ለሽኩር እውነቱን ንገሪው። ይቅር ትይኛለሽ ወይ?

ዘርዓብሩክ


ቴዎድሮስ አደባባይ
ግንቦት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዘርዓብሩክ፣

"ይቅር ትይኛለሽ ወይ?" ላልከው፣ አልልህም። ቢያንስ ዛሬ አልልህም። እኔ በደልኩህ፣ እሺ። አስራ ሁለቱ ሰዎች ምን አደረጉህ? ለሽኩርም አልነገርኩትም። ላንተ አዝኜ እንዳይመስልህ። "የወንድሜ ልጅ እያወቀ ገደል ከተተን" ከምል፣ እኔ ሞኝ ብባል ይሻለኛል።

በየደጃቸው ሄድኩ። አንዱ ጀሞ ነው የገባው፣ አንዷ አያት፣ አንዱ የት እንደገባ ራሱም በቅጡ አያስረዳም። "ስሜን ከገጽዎ ያጥፉልኝ፣ እኔም የእርስዎን አጥፍቻለሁ" እያልኩ አዲስ አበባን ዞርኳት። ይህ ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ? በእድር ስም የሚሰረዘው አንድም ሰው ሲሞት፣ አንድም ሲባረር ነው። ልብስ ሰፊዋ አይናዲስ "ምን በድዬሽ ነው?" ብላ አለቀሰች። ገብረክርስቶስ ጫማ ሠሪው ደግሞ "ስታስገቢኝም ሮጠሽ መጣሽ፣ ስታስወጪኝም ሮጠሽ መጣሽ" አለኝ። እውነቱን ነው።

ኡመርን ለመጨረሻ ያቆየሁት እሱ ስለማይከብደኝ ነበር። ይስቅና ያጠፋልኛል ብዬ። ግንቦት 18 ልሄድ ጫማዬን ሳደርግ ሜላት ስልኬን ይዛ ቆመች፤ ሽኩር ነው የደወለው። ኡመር አርፏል። ልቡ ነው አሉ። ያን ዕለት እድሩ እንደ ድሮው ቆመ፤ ከጀሞም ከአያትም መጣ፣ የተኮራረፈ ሁሉ ድንኳን ተከለ። ግድግዳ ተጋርተን ሃያ ስድስት ዓመት፣ አንድ ቀን ክፉ ተነጋግረን አናውቅም። ሲያስለኝ በግድግዳው "ሙሉ፣ ሻይ ልላክልሽ?" ይለኝ ነበር። አላለቅስም ብዬ አለቀስኩ።

እና የእሱ ገጽ እንዳለ ነው። የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ያ ተማሪ ነበር፤ ተመርቆ ሄዷል፣ ስልኩም አይሠራም። ልጁን ሶፊያን ጠየቅኳት፣ እሷም አታውቀውም፤ ለምን እንደፈለግኩትም አልጠየቀችኝም። አስራ ሁለታችን ስም ተጠፋፍተናል። የኡመር ገጽ ላይ ግን ሁላችንም አለን፣ መጀመሪያ የእኔ ነው። ውሌ ሊያልቅ አንድ ወር ቀርቶታል። ምን ይደረጋል?

ሙሉእመቤት


ድሬዳዋ
ሰኔ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

እቴቴ፣

የኡመርን ሞት የሰማሁት ካንቺ ደብዳቤ ነው። ነፍስ ይማር። ሥራ አልሄድኩም ዛሬ።

የምጽፈውን ማንበብ አትወጂውም። ማጥፋት ካልተቻለ መካድ ይቻላል። የኡመርን ገጽ አድራሻ በትንሽ ፋይል ጽፈን "ይህ ገጽ ስለ እኛ የሚለውን አንቀበለውም፣ አትቁጠሩብን" ብለን እንልካለን። ገጹ ባለበት ይቆያል፤ ማሽኑ ብቻ አይሰማውም። አስራ ሁለታችሁም መላክ አለባችሁ። ያንቺን ቃል ሳላገኝ አልነካውም።

ደብዳቤዎቹን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። መምጣት እችላለሁ። ልምጣ?

ዘርዓብሩክ


ቴዎድሮስ አደባባይ
ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዘርዓብሩክ፣

አትምጣ። ፊትህን ሳየው የምለውን አላውቅም፣ አንተም አታውቀውም።

ሽኩር ስብሰባ ጠራ። ያልከውን አነበብኩላቸው። አይናዲስ "ለሞተ ሰው ምን ይጎድልበታል? እኛ ነን የምንራበው" አለች። እጅ ይውጣ ተባለ። ሽኩር መጀመሪያ አወጣ፣ ዓይኑን ጨፍኖ። እኔም አወጣሁ። እኔ ጸሐፊ ነኝና ቃለ ጉባኤውን በእጄ ጻፍኩ። "የሟች አቶ ኡመር ገጽ ስለ እኛ የሚለውን አንቀበልም እንድንል በአስራ ሁለት ድምፅ ተወስኗል።" ሰው ሲሞት ቆሞ ደግነቱን የሚናገር እድር፣ ይህን ወሰነ። አንብቤ ስጨርስ ማንም ማንንም አላየም።

የእኔን ደብዳቤ ፈርሜያለሁ፣ ማህተሜንም አሳርፌበታለሁ። አንተ "ጥፋቱን እያወቅኩ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ" የሚል መስመር ጨምረህበት ነበር፤ ሰርዤዋለሁ። ማሽኑ የቤታችንን ጉድ ማወቅ የለበትም። ላከው።

ሙሉእመቤት


ቴዎድሮስ አደባባይ
ሰኔ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለዘርዓብሩክ

"ተቀበሉን ወይ? ሰውስ መጣ ወይ?" ብለህ ጠይቀሃል። ተቀብለውናል። ሜላት ከትናንት በስቲያ ከፍታ አሳየችኝ፤ ስድስተኛ ነኝ፣ መጀመሪያው ገጽ ላይ። የሽኩርም ተመልሷል። ሁለተኛ አይደለሁም፣ ግን አለሁ።

ሰው መጣ ወይ ላልከው፣ አንድ ሰው መጥቷል። ትናንት ከሰዓት በር ተንኳኳ። ሶፊያ ናት፣ የኡመር ልጅ። ደረጃው አድክሟት ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። እንዴት አገኘሽኝ አልኳት። "ስልኬ ላይ ማህተም ፒያሳ ብዬ ስፈልግ እርስዎ ወጡ፤ እትዬ ሙሉ እያሉማ ሌላ ጋ አልሄድም ብዬ" አለችኝ። የአባቷን ሱቅ ልትከፍተው ነው፣ በራሷ ስም። ፈቃዷን ይዛለች፣ የቀራት ማህተም ነው። እዚያው እያየችኝ በእጄ ቀረጽኩላት። "ኡመር መነጽር" የሚለውን ስቀርጽ አንዱን ፊደል አበላሽቼ እንደገና ጀመርኩ። እሷ እርጅና መስሏት "ቀስ ይበሉ" ትለኛለች።

ስትነሳ ምን አለችኝ መሰለህ? "እትዬ፣ አዲስ ገጽ አሠርቻለሁ። ሰው አባባ ሲሞት ሱቁም የተዘጋ መስሎታል። እርስዎ ገጽ ላይ የኛን ስም አንዲት መስመር ያስገቡልኛል? አባባ የእርስዎን እንዳስገባው።"

አይቻልም አልኳት። ከመደዳው ሱቆች ጋር ስም አልለዋወጥም ብዬ ፈርሜ የለ? ለምን እንደማይቻል ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ የአባትሽን ቃል አንቀበልም ብለን ልከናል ብዬ እንዴት ልንገራት? "ገጹ ሞልቷል የኔ ልጅ" አልኳት። ገጽ ይሞላል እንዴ? የዛሬ ልጅ ናት፣ እንደማይሞላ ከእኔ በላይ ታውቃለች። ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከዚያ "እሺ እትዬ፣ ገባኝ" ብላ ማህተሟን ይዛ ወረደች።

ዛሬ ጠዋት ውሉን ለአንድ ዓመት አድሻለሁ። ሱቁ ተርፏል፣ ደስ ይበልህ።

አክስትህ ሙሉእመቤት